አጣምረን የላክነውን ለያይታችሁ ስለመረመራችሁልን

ለተከበሩ የመድኃኒት ምዝገባና ምርመራ መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነብቷል? ደረትዎን ሳል፣ እንቅልፍዎን ላብ እንዳይነካብዎ ከልብ እመኛለሁ፤ ለወጉ ያህል አይደለም፣ ሳሉንም ላቡንም ቤቴ ውስጥ ስላየኋቸው ነው።

እኔ በመድኃኒት ፋብሪካ ላቦራቶሪ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገልኩ ባለሙያ ነኝ። እትዬ የምላት ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሳንባዋ ውስጥ ፈንገስ ገባና ክኒን ታዘዘላት። ክኒኑ አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ መድኃኒቱ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ ያልሟሟ ደግሞ ወደ ደም ሳይደርስ እንደገባ ይወጣል።

እኔና ባልደረቦቼ ይህንኑ መድኃኒት ፍራፍሬ ውስጥ ከሚገኝ ጉዳት የሌለው አሲድ ጋር፣ በጥቂት አልኮል አርጥበን ፈጨነው። ሁለቱ በአንድ ክሪስታል ውስጥ ጎን ለጎን ተደርድረው ተያያዙ። መድኃኒቱ ያው ነው፣ አደራደሩ ብቻ ተለወጠ፤ ከበፊቱ ስምንት እጥፍ ሟሟ። በፈቃደኞች ላይ ተሞክሮም ደማቸው ውስጥ ተገኘ። ከዚያ ፋይሉንና ናሙናውን ይዘን እርስዎ ዘንድ መጣን። ስለተደረገልን መስተንግዶ ምስጋናዬን እነሆ፦

አንደኛ፦ ቅጽዎ ላይ «አንድ መድኃኒት» እና «ቅይጥ መድኃኒት» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ብቻ አሉ። የ«አንድ መድኃኒት» ክፍል አሲዱን አይቶ ወደ «ቅይጥ» መራን፣ የ«ቅይጥ» ክፍል አሲዱ መድኃኒት አይደለም ብሎ ወደ «አንድ መድኃኒት» መለሰን። ፋይሉ በትይዩ ክፍሎች መካከል ሰባት ወር ተመላለሰ። ከበር እስከ በር አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ ደጅ ስጠና ለክቼዋለሁ።

ሁለተኛ፦ የምርመራ መመሪያዎ ከአንድ በላይ ንጥረ ነገር ያለው ናሙና አስቀድሞ ይለያይ ይላል። መርማሪዎችዎም በሚያስመሰግን ጥንቃቄ ክሪስታላችንን ለያዩት፤ አሲዱን ወደ አንድ ብልቃጥ፣ መድኃኒቱን ወደ ሌላ። ከዚያ መድኃኒቱን ለብቻው ውሃ ውስጥ ጨመሩት። አልሟሟም። ናሙናችን እንደማይሟሟ የሚገልጽ ባለሦስት ማህተም ደብዳቤ ደረሰን። ለማስረዳት የላክሁት ገጽ ተኩል ማብራሪያ ከናሙናው ጋር አብሮ ባለመቅረቡ ሳይነበብ ተመለሰልኝ፤ ወረቀቱ እንኳ አልታጠፈም፣ ስለ ንጽሕናችሁ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፦ ያልተመዘገበ መድኃኒት ከላቦራቶሪ ማውጣት ክልክል ነው። አዲሱ ክኒን ያለበት ብልቃጥ ከወንበሬ በስተቀኝ፣ እጄን ብዘረጋ የምደርስበት መደርደሪያ ላይ ነበር። እትዬ አንድ ቀን የሥራ ጋዋኔን እየተኮሰች፣ እዚያ የምትሠሩት ነገር ለእኔም ይሆናል እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። ሲፈቀድ ይሆናል አልኳት። እሺ አለች፤ ሁለተኛም አላነሳችውም። እጄን አልዘረጋሁም። ሕግ አክባሪ ሆኜ ስለቀረሁ ምስጋናው የእርስዎ ነው።

እትዬ ከሞተች አምስት ሳምንት ሆናት። ማልቀስ ነበረብኝ፣ አላለቀስኩም። የሚያጽናኑኝን አዎ፣ አዎ እላለሁ፤ ሥራ እገባለሁ፤ ሚዛኑን ዜሮ አደርጋለሁ። ምንም አይሰማኝም።

አራተኛ፦ ጸሐፊዎ በመጣሁ ቁጥር፣ እህቴ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ትለኛለች። አሁን እህቴ ብላ የምትጠራኝ እሷ ብቻ ስለሆነች በተለይ ያመስግኑልኝ።

የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ መመሪያው ላይ፣ አንድ ክሪስታል ሆኖ የመጣ ናሙና ሳይለያይ ይመርመር የሚል መስመር ይጨመር። ለእኔ አልፏል፤ ያንኑ አሮጌ ክኒን እየዋጡ የሚጠብቁ ግን ሌሎች አሉ።

ለማህተሞችዎ ቀለም እንዳያልቅ፣ ለስብሰባዎችዎ ሰዓት እንዳያጥር እየተመኘሁ፣ ደጅዎ ካለው አግዳሚ ወንበር በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የእትዬ ታናሽ እህት

ማስታወሻ፦ ከደብዳቤው ጋር ክዳን ያለው ብርጭቆ ልኬያለሁ። ውስጡ ያለው ከእትዬ ክኒኖች የተረፈ አንዱ ነው። በተቀበረች ማግስት ውሃ ውስጥ ጨመርኩት፤ ፈርሶ ነጭ ዱቄቱ ከታች ተቀመጠ፣ ዛሬም እንደተቀመጠ ነው። ይህኛው በሕጋችሁ የተመዘገበ ስለሆነ ምርመራ አያስፈልገውም። ሲያበቁ ብርጭቆውን ይመልሱልኝ፤ የእሷ ነው።