የሰሌን ታቺዎቹ ስም ከስሜ ጎን ስለመጻፉ

ለክቡር ፕሮፌሰር ግራንት ሆልሮይድ
የፋኩልቲው ዲንና የዕድገት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ኦክላንድ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎና ያ የማይዝል ፈገግታዎ እንደነበሩ ይቆዩ ዘንድ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። የተባባሪ ፕሮፌሰርነት ጥያቄዬ ለሦስተኛ ጊዜ ውድቅ መሆኑን የሚገልጸውን ደብዳቤዎን አንብቤ ስጨርስ ምንም ስላልተሰማኝ ምሳዬን በላሁ፤ ጎደሬው ትንሽ ጨው አንሶት ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ አልቅሼ፣ በሁለተኛው ተቆጥቼ ነበርና፣ ኮሚቴዎ ከዚህ ሁሉ ድካም ስላሳረፈኝ አመሰግናለሁ።

ቅሬታ ለማለት ባልደፍርም፣ ያልገቡኝን ነጥቦች በቁጥር አስቀምጣለሁ።

፩. በእነዚህ ዘጠኝ ዓመታት እንግዳ በመጣ ቁጥር በአገሬ በቶንጋ ደሴቶች ልብስ ቆሜ ጸሎት እንድከፍት፣ ስለ ብዝኃነት በሚመክሩ ስድስት ኮሚቴዎች እንድቀመጥ፣ ሆድ የባሳቸውን የደሴት ልጆችም ሁሉ ቢሮዬ ተቀብዬ እንዳጽናና ስላከበሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ደብዳቤዎ «ለምርምር የሰጠችው ጊዜ አነስተኛ ነው» ይላል። ትክክል ነው፤ ጊዜው የት እንደሄደ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።

፪. ተማሪዎች አነጋገሬ እንደሚከብዳቸው ጽፈዋል። ከስኮትላንድ የመጣውን የባልደረባዬን የዶክተር ማክኒሽን አነጋገር እኔም ገና አልለመድኩትም፤ እሱ ግን ባለፈው ዓመት አድጓል።

፫. ለኅትመት ያለፈው ጽሑፌ በሰሌን አሠራር ውስጥ ስላለው ስሌት ነው። በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰሌን ለብቻ አይታታም። ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው እያንዳንዷ የድርሻዋን ትታታለች፣ ከጎረቤቷም ጋር ታያይዘዋለች፤ ስለዚህ «የኔ ሥራ ነው» የምትል የለችም። እኔም በማንጌሬ ሰፈር ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ከአሥራ አንድ ሴቶች መካከል አራት ዓመት ተቀምጬ ስለተማርኩ፣ ስማቸውን ከስሜ ጎን ጻፍኩ። ኮሚቴዎ ጽሑፉን ለአሥራ ሁለት አካፍሎ የእኔ ድርሻ አንድ አሥራ ሁለተኛ ነው አለ። ዶክተር ማክኒሽ ከአሥራ ዘጠኝ ሰዎች ጋር ያሳተመው ግን «ቡድን የመምራት ብቃት» ተብሎ በሙሉ ተይዞለታል።

የሴቶቹን ስም አውጥቼ በምስጋናው ገጽ ግርጌ ብጠቅሳቸው ጉዳዬ እንደገና እንደሚታይ በኮሪደር ላይ በቅንነት መክረውኛል። ምክርዎን ለሴቶቹ ነገርኳቸው። ታላቃቸው እማማ ኢሎአ እጃቸውን ከሥራው ሳያነሱ፣ «አውጪን እንጂ ልጄ፤ የኛ ስም ቢቀር ሰሌኑ አይፈታም። አንቺ እለፊ» አሉኝ። ሌሎቹም ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። በዚህ በሦስተኛው ዙር የሆነ ነገር የተሰማኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። እፍረት ነበር።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለሚቀጥሉት እንግዶች ጸሎት የሚከፍት ሌላ ሰው በጊዜ እንዲፈልጉ በትሕትና አሳስባለሁ።

በከፍተኛ አክብሮት፣
ዶክተር ፉሲፓላ ሄማሎቶ
እስከ ዛሬ የስድስት ኮሚቴዎች አባል

ማሳሰቢያ፦ እንደ ምክርዎ ጽሑፉን አርሜ ትናንት ለመጽሔቱ ልኬአለሁ። ያወጣሁት ስም አንድ ብቻ ነው፤ የራሴን። ድርሻዬ አሁን ባዶ ስለሆነ ኮሚቴዎ ለማካፈል አይቸገርም።