የማይረጨው መርጫዬ

ሰኞ

ይንጠባጠባል። ጉም ሆኖ ይወጣል ያልኩት ውሃ እንደ አሮጌ ቧንቧ ጠብ፣ ጠብ ይላል። አሥራ አንድ ጊዜ ሞከርኩ፤ አሥራ አንድ ጊዜ ጠብ አለ።

ወረቀት ላይ ነገሩ ቀላል ነው። የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህሉ፣ ውስጣቸው የሚታይ ሁለት ስስ ፕላስቲኮች፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ከፀጉር ብዙም የማይወፍሩ ቦዮች። ሁለቱ ሲጣበቁ ውሃው በቦዮቹ ገብቶ መሀል ያለችው ክብ ጉድጓድ ውስጥ ይሽከረከራል፤ ተሽከርክሮም በጠባቧ ቀዳዳ ተበትኖ ይወጣል። የሕፃናት የአፍንጫ መድኃኒት መርጫ ነው፤ ከውጭ የሚመጣውን መግዛት ለማይችል ሰው። ሐሳቡ የእኔ ነው። ሥዕሉም የእኔ ነው። አማካሪዬ የነበረው ዶክተር ግን ለፈጠራ ውድድር በራሱ ስም አስገብቶታል። (እዚህ ደብተር ላይ አንቱ አልለውም።)

አቤት ብዬ ነበር። የውድድሩ ኮሚቴ እስከ ዓርብ ጊዜ ሰጠኝ፦ "የአንቺ ከሆነ በእጅሽ ሠርተሽ አምጪ።" ካላመጣሁ ጉዳዩ ይዘጋል።

አቤት ካልኩ ወዲህ የኮሌጁ ላቦራቶሪ ተከልክሎብኛል። ስለዚህ ላቦራቶሪዬ ተክለ ሃይማኖት ያለው የጋሽ ሰዒድ ማኅተም ቤት ሆኗል። ማኅተም የሚቀርጹበት ሌዘር አላቸው። የታችኛውን ፕላስቲክ ቅዳሜ አጠገባቸው ቆሜ ቀረጹልኝ። የላይኛውን ዛሬ ጠዋት፣ እኔ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ የፓምፕ ላስቲክ ፍለጋ ስዞር፣ ብቻቸውን ጨርሰው ጠበቁኝ። ሥራቸው ንጹሕ ነው። ታዲያ ለምን ይንጠባጠባል?

ማክሰኞ

መጋጠሚያውን አላቅቄ እንደገና አጣበቅኩ። ጠብ።
ውሃውን ሁለቴ አጣራሁ። ጠብ።
ግፊቱን ጨመርኩ። በጎን በኩል ፈነዳ፣ ፊቴ ላይ።
ስሌቱን ከመጀመሪያው ጀምሬ ሠራሁት። ስሌቱ ልክ ነው።

ዶክተሩ አንድ ቀን ያለኝ ከጆሮዬ አልወጣ አለ፦ "ቲዎሪ ላይ ጎበዝ ነሽ፤ እጅሽ ግን አይረባም። አንቺ ጻፊ፣ ሌላ ሰው ይሥራው።" ያኔ ፈገግ ብዬ አለፍኩት። ዛሬ ከሰዓት፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል፣ እውነቱን ይሆን እንዴ አልኩ። ይህን መጻፌ ራሱ ያበግነኛል።

ረቡዕ

ጋሽ ሰዒድ ከባንኮኒው ማዶ ሲያዩኝ ቆይተው፣ "ኢንጅነሯ፣ እንዲህ ካፈጠጥሽባትማ በፍርሃት ትረጫለች" አሉ። ለቀልድ የሚሆን ፊት አልነበረኝም።

ከዚያ የማኅተም ቀለማቸውን አየሁ። አንዲት ጠብታ ቀይ ቀለም ውሃው ላይ ጨምሬ፣ ማጉያ መነጽራቸውን ተውሼ አጎነበስኩ። የታችኛው ቦይ ውሃ ወደ ቀኝ ይዞራል። የላይኛው ወደ ግራ። ጠባብ መተላለፊያ ላይ እንደተፋጠጡ ሁለት ጋሪዎች መሀል ላይ ተገናኝተው ቆመዋል።

"ጋሽ ሰዒድ፣ የላይኛውን ገልብጠውታል?"

"ታዲያስ! ተገልብጦ ካልተቀረጸ ወረቀት ላይ ቀና ሆኖ ይነበባል?"

"ወረቀት ላይ አይደለም እኮ የሚመታው!"

ዕድሜያቸውን ሙሉ፣ መጀመሪያ በእጅ፣ ኋላም በሌዘር፣ ሁሉን ነገር ገልብጠው ነው የቀረጹት። ኮምፒውተሩ ላይ ሥዕል ሲከፈት ጣታቸው ሳያስቡት መገልበጫውን ይጫናል። ቅዳሜስ ለምን አልገለበጡም? "ቅዳሜማ አንቺ ጆሮዬ ሥር ስትነዘንዢ መች ልማዴን አስታወስኩ!"

ጮህኩ። ጎረቤት ያለው ዋንጫ ሻጭ ብቅ ብሎ እስኪያይ ድረስ ጮህኩ። ከዚያ አፈርኩ፤ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ደግሞም ሁለቱን ፕላስቲኮች ጎን ለጎን አድርጌ ያላየሁት እኔው ነኝ። እሳቸው ግን፣ "ጩኺ፣ ይውጣልሽ። ብቻ ሥዕሉን አምጪ" አሉ። ሌዘሩን እንዳስነሱት መብራት ጠፋ። እስክሄድ አልመጣም።

ሁለት ቀን ራሴን ስሰድብ ከረምኩ። ጥፋቱ ግን የእጄ አልነበረም።

ሐሙስ

መብራት ረፋድ ላይ መጣ። ትከሻቸው ላይ ተደግፌ ነው ያስቀረጽኩት። የመጀመሪያውን ቸኩዬ ሙጫ አበዛሁበትና ቦዮቹ ተደፈኑ። ራሴን በጥፊ ልመታ ምንም አልቀረኝም። ሁለተኛውን ለትንፋሼ ሳይቀር እየተጠነቀቅኩ አጣበቅኩት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተጫንኩት።

ፍስስ። ጉም!

የጋሽ ሰዒድ መነጽር ላይ ረጨሁባቸው። "ማሻ አላህ" አሉ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ እየጠረጉ፤ "ይቺ ናት ያስለቀሰችሽ?"

አላለቀስኩም።

ዓርብ

ሦስቱም የኮሚቴ አባላት ባሉበት አምስት ጊዜ ረጨ።

ዶክተሩ ይክዳል ብዬ ክርክሬን አዘጋጅቼ ነበር። አልካደም። ፈገግ ብሎ፣ "ልጄ ናት እኮ፤ እኔ ነኝ ያሠለጠንኳት" አለ። ሰብሳቢው ደስ አላቸው። "እንዲህ ከሆነማ ምን ያጣላችኋል? በሉ ተነሡና ተሳሳሙ!" የምንፈርመው ወረቀት መጣ። ዋና ፈጣሪ እሱ፣ ረዳት እኔ።

"ተጣልተን አይደለም፤ ወስደውብኝ ነው" አልኩ። በአንቱታ ነው ያልኩት። ከዚያ ወደ እሱ ዞሬ፣ "ዶክተር፣ ቦዮቹ መሀሉ ጋ ሲደርሱ ለምን ይጠብባሉ?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ዝርዝሩን እሷ ታስረዳችኋለች" አለ።

ምን እንዳለ ከሁሉም መጨረሻ የገባው ለራሱ ይመስለኛል። "ይህ ይመዝገብልኝ" አልኩ። ሰብሳቢው ፊታቸው ተቀያየረ፦ ካልፈረምሽ ውሳኔው ይዘገያል፣ ምናልባትም ለማንም አይሰጥም። ይዘግይ አልኳቸው። አልፈረምኩም።

ወጥቼ ደረጃውን መውረድ ጀመርኩ። ከኮሚቴው አባላት አንዷ ተከትላኝ መጣችና፣ "ያልሽውን ሁሉ በጽሑፍ አድርጊልኝ፤ ሥዕሎቹንም ከተሣሉበት ቀን ጋር። ሰኞ" አለችኝ። ለእኔ ብላ ይሁን ለፋይሉ፣ ከፊቷ ማንበብ አልቻልኩም።

ፈርሜ ቢሆን ኖሮ አሁን ምሳዬን በልቼ እፎይ ብዬ ነበር። አልበላሁም። መሬት ላይ ተቀምጬ ሥዕሎቹን በየቀናቸው እየደረደርኩ ነው፤ የመጀመሪያው ገና አልተገኘም።