አራቱም ጎማ ሲዞር

ነሐሴ 28፣ 2012
ዝናብ። ኮሌጁ በኮሮና እንደተዘጋ ነው። የኤሌክትሪክ አስተማሪ ያለ ተማሪ ምን ይሠራል? ሓድነት ሰፈር፣ ጋራዣችን ዋልኩ። ባሌ ረዘነ የምንሠራትን መኪና በር በየደ፣ እኔ የኋላዎቹን ሞተሮች ገጠምኩ። ለእያንዳንዱ ጎማ የራሱ ሞተር... ነዳጅ የለ፣ ጭስ የለ።

"ኣንቲ፣ ሰው የሚቀመጠው መሬት ላይ ነው?" ይለኛል። የስፖርት መኪና እኮ ናት! ላዳ መሰለችው?

መስከረም 9፣ 2013
ክሪክ ላይ አቁመን አስነሳናት። አራቱም ዞሩ! አለቀስኩ።

መስከረም 16
መንገድ ወጣች። ከቤታችን ወደ አስፋልቱ የሚወስደውን ጠጠር ዳገት... የፊቶቹ ሲጎትቱ፣ የኋላዎቹ ሲገፉ... ባጃጆቹን ጥለናቸው ሄድን። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሠርጌን ጨምሮ። (ረዘነ ይህን አያንብብ።)

መስከረም 21
አማቴ አደይ ኣረጋሽ፣ ጠበል ያልነካት መኪና ላይ ልጄ አይቀመጥም ብለው ቄስ ወልደአማኑኤልን ይዘው መጡ። ጣሪያዋን ይረጯታል ብዬ ነበር።

"ሞተሩን ነው እንጂ! ኮፈኑን ክፈቱ" አሉ አደይ።

እዚያ ያለው የፊት ጎማዎቹ የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ነው። መሸፈኛ ገና አልሠራሁለትም።

"አደይ፣ ውሃ እኮ..."

"ውሃ? ጠበል ነው!"

ኮፈኑን ከፈትኩ። ጠበልን ማን እምቢ ይላል? ተረጨ። ረዘነ አስነሳት... ጢስ። "ሰይጣኑ ወጣ!" ብለው አደይ እልል አሉ። በንዴት ልፈነዳ! የፊቶቹ ሞቱ። የቀሩት የኋላዎቹ ብቻ ናቸው።

ጥቅምት 20
ወንድሜ ሔሩይ መቆጣጠሪያውን አዲስ አበባ አገኘልኝ። ረቡዕ በአውሮፕላን ይልከዋል። አደይን አኩርፌያቸው ነበር። ዛሬ የዐጽቢ ማር ይዘውልኝ መጡ። ሳልወድ ሳቅኩ።

ጥቅምት 25
ረቡዕ። ጦርነት። ስልክ የለም፣ መብራት የለም፣ አውሮፕላን ማረፊያው ዝግ። እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ዕቃው... ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ኅዳር 12
ነዳጅ ጠፋ። ሮማናት አደባባይ ጭር ብሏል። የኛዋ ባትሪዋ መብራት ሳይጠፋ እንደሞላነው ነው። ረዘነ "ከተማው ውስጥ የቀረችው መኪና!" ብሎ ሊስቅ ሞከረ።

ኅዳር 20
ትናንት ከባድ መሣሪያ ሲወርድብን ዋለ። አደይ ኣረጋሽ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ፍንጣሪው ሆዳቸውን...

መኪናዋ ውስጥ አጠገቤ አስቀመጥናቸው። ዳገቱ ላይ የኋላ ጎማዎቹ ጠጠሩን ይበትኑ ጀመር። ንቅንቅ የለም። ረዘነ ከኋላ ይገፋል፣ ይጮኻል። እሳቸው እጄን ያዙኝ።

"አይዞሽ ጓለይ፣ ትሄዳለች። ጠበል ነክቷታል።"

አልሄደችም። ረዘነ አዝሏቸው ሮጠ። ሆስፒታሉ ሳይደርስ ጀርባው ላይ ሞቱ።

ታኅሣሥ 11
መብራት መጣ። ረዘነ ጋራዡን መክፈት ትቷል። እኔም ትቻለሁ። እናቱን ከቀበርን ወዲህ በወጉ በልቶ አያውቅም። ዛሬ እራት ላይ ድንገት፣

"አራቱም ቢዞሩ ኖሮ፣ ትወጣ ነበር?" አለኝ።

ጠበሉን ያስረጩት እናቱ መሆናቸውን ረስቶ ነው? አልረሳም። ዓይኑን አየሁት።

"አትወጣም ነበር" አልኩት። "ባትሪው ራሱ ደክሞ ነበር።"

ከዚያ ቆረሰ፣ ጎረሰ። ደግሞ ጎረሰ።

ትወጣ ነበር። የኔን ድርሻ ወደ እሱ ገፋሁለት።