ዶኑን እስከ ደጃፍ ስለሸኘችው መበለት

ለክቡር አቶ ኖርቤርቶ ሳልቫሲዮን
የክፍለ ሀገሩ የባህልና ቱሪዝም ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ኔግሮስ ደሴት፣ ፊሊፒንስ

«በፊልሙ ማብቂያ መበለቲቱ ቂሟን ትታ፣ የባሏን ደም ለእግዚአብሔር ሰጥታ፣ ዶን ራፋኤልን ክንዱን ይዛ እስከ ደጃፍ ትሸኘዋለች። ይህም የሕዝባችን ይቅር ባይነትና እንግዳ አክባሪነት ሕያው ምስክር ነው።»

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም የሰመረ እንዲሆን እመኛለሁ፤ ከላይ ያሰፈርኩትን ቃል በፊልሙ መግለጫ ላይ በፊርማዎ አጽድቀው ካወጡ በኋላ እንቅልፍ የሚወስድዎ ከሆነ፣ ጤናዎ በእርግጥም የሚያስቀና ነው። እኔ ፊልሙ የተሠራበትን «የዶኑ ጉብኝት» የተባለውን ተውኔት የጻፉት የወይዘሮ ፌሊሲዳድ ዱማንካስ የወንድም ልጅ ነኝ።

ተውኔቱን አንብበውት እንደሆነ ስለማላውቅ ላሳጥርልዎ። አንድ የሸንኮራ አገዳ ቆራጭ በባለርስቱ በዶን ራፋኤል የጭነት መኪና ተድጦ ይሞታል። ዶኑ የአበባ ጉንጉን አስይዞ ለቅሶ ይደርሳል። በመሬቱ ላይ የሚኖር ሁሉ አቀርቅሮ ዝም ይላል፤ መበለቲቱም መጋረጃው ከተከፈተ ጀምሮ አንዲት ቃል አትተነፍስም። ዶኑ ለመሄድ ሲነሳ ግን ተነስታ ክንዱን ትይዘዋለች። እሱም ያገሩ ልጅ ነውና ፊቱ አመድ ይመስላል። «አይ፣ አይ፣ አትነሺ፣ ግድ የለም» ይላል። «ኧረ አይሆንም ጌታዬ፣ ልሸኝዎት እንጂ» ትለዋለች፤ በቀስታም እስከ ደጃፍ ታደርሰዋለች።

በደሴታችን ሐዘንተኛ ለቅሶ የደረሰውን ሰው ከመቀመጫው ተነስቶ እንደማይሸኝ፣ ከሸኘም ሞትን እንደሚያስከትልበት፣ ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ተውኔቱ በየመንደሩ በታየ ቁጥር አሮጊቶች ብድግ ብለው «አንቺ ሴት፣ ተቀመጪ! ሰውየውን ልትጨርሺው ነው?» እያሉ ይጮኹ ነበር፤ አገዳ ቆራጮቹም ከኋላ ሆነው «ተዉአት! እስከ አስፋልቱ ትውሰደው!» ይሉ ነበር። አክስቴ እርግማን ጻፉ፤ ክቡርነትዎ ምርቃት አድርገው አሳዩልን። ስለዚህ ቅሬታዬን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩ኛ. ባለፈው ዓመት ኮሚቴዎ በከተማው አዳራሽ ባቀረበው የመድረክ ዝግጅት፣ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ በቀርከሃ ዘንግ መካከል እየዘለሉ የሚጨፍሩ ቆነጃጅት ስለተጨመሩልን ከልብ አመሰግናለሁ። ሟቹ በሳጥኑ ውስጥ ተጋድሞ ምቱን በእግሩ ጣት ሲከተል ሁላችንም አይተናል፤ ከተዋንያኑ መካከል ሕይወት የነበረው እሱ ብቻ ነው።

፪ኛ. ለፊልሙ ያስመጡት ወጣት አዘጋጅ ያደገው በውጭ አገር ነው፤ የሠራውም እስካሁን የሳሙና ማስታወቂያ ነው። መሸኘትን ጨዋነት ብቻ አድርጎ ቢያየው አልፈርድበትም። መበለቲቱን በዝናብ አርሶ፣ በቫዮሊን አጅቦ፣ «ዶን፣ ልቤ ከጥላቻ ነጻ ወጣ» አሰኝቶ ሲያስለቅሳት፣ ከጎኔ የተቀመጡት ዓሣ ሻጭ «ወይ ጉድ! አቅፋ ገደለችው!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። የሳሙናው ሰው አያውቅም እንበል። እርስዎ ግን ያውቃሉ። የእናትዎ ለቅሶ ላይ ነበርኩ። አገረ ገዥው፣ ይህን ወንበር የሰጡዎት ሰው፣ ሊሄዱ ሲነሱ ክቡርነትዎ ከመቀመጫዎ አልተነቃነቁም፤ ደረጃውን ብቻቸውን ሲወርዱ በዓይንዎ ብቻ ሸኟቸው። ስለዚህ «አላወቅሁም» የሚለውን መልስ ለሌላ ጊዜ ያቆዩት። የፊልሙን ወጪ የሸፈኑት የስኳር ፋብሪካው ባለቤቶች በዶኑ ውስጥ አባታቸውን እንዳዩ፣ አባታቸውም በሕዝብ ፊት ሲረገሙ ማየት እንዳልተመቻቸው ይገባኛል። የማይገባኝ ከእነሱ ይልቅ እርስዎ መፍራትዎ ነው።

፫ኛ. ይህኛውን አጭር ማድረግ አልቻልኩም። በምረቃው ዕለት አክስቴን ፊት ለፊት አስቀምጠው፣ አንገታቸው ላይ የአበባ ጉንጉን አንጠልጥለው፣ ፊልሙ ሲያልቅ ማይክሮፎኑን አፋቸው ሥር ደቅነው «እማማ፣ ደስ አለዎት አይደል?» አሏቸው። እሳቸውም «ልጄ፣ ይቺ ሴትዮ ማናት?» አሉ።  ከዚያም ክቡርነትዎ ወደ ካሜራዎቹ ዞረው፣ በዚያ በታወቀው ፈገግታዎ፣ «እንግዲህ እርጅና ነው፤ የራሳቸውን ሥራም ረሱት» ብለው ሕዝቡን አሳቁ። አክስቴ የተውኔቱን ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዛሬም በቃላቸው ይሉታል። ከተሳቀባቸው በኋላ ግን ከቤት አልወጡም። ሰው ሊጠይቃቸው ሲመጣ የሚያቀርቡት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «እውነት ያንን እኔ ጻፍኩት ይላሉ?»

አዎን፣ ይላሉ። ስማቸው በትልቁ ተጽፏል። ኮሚቴዎም በጁን ወር ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ፊልሙን ለክፍለ ሀገሩ ተማሪዎች ሁሉ እንደሚያድል አስታውቋል። የአገዳ ቆራጭ ልጆች አባታቸውን የገደለባቸውን ሰው እጁን ይዞ መሸኘት ጨዋነት መሆኑን፣ ያንንም ያስተማሯቸው ወይዘሮ ፌሊሲዳድ ዱማንካስ መሆናቸውን ይማራሉ ማለት ነው።

የምጠይቀው ከሁለቱ አንዱን ነው፦ ወይ መጨረሻው እንደተጻፈው ተቀርጾ ይመለስ፣ ወይ የአክስቴ ስም ከፊልሙ ላይ ይውረድና የእርስዎ ይውጣበት፤ ድርሰቱ የእርስዎ ነውና። የትኛውን እንደመረጡ በጽሑፍ፣ በማኅተምና በራስዎ ፊርማ፣ እስከ ሜይ ፲፭ ቀን ድረስ እንዲያሳውቁኝ እጠይቃለሁ። በስልክ የሚሰጥ መልስ አልቀበልም፤ በስልክ የሚናገሩትን በማግሥቱ እንደማያስታውሱ ጸሐፊዎ ነግረውኛል፤ እርጅና ይሆናል።

በክቡርነትዎ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ዝቅ ያልኩትም ምናልባት ኅሊናዎ እዚያ አካባቢ ወድቆ እንደሆነ ለመፈለግ መሆኑን በአክብሮት እየገለጽኩ፣

ኢግናሲዮ ዱማንካስ
የሥነ ጽሑፍ መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቀኑን ያጠበብኩት ክቡርነትዎን ለማዋከብ አይደለም። የአክስቴ አንድ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል፤ የቀረውም የዘንድሮን ዝናብ እንደማይሻገር ሐኪሙ ነግሯቸዋል። ፊልምዎን ከማየታቸው በፊት በዚህ ያለቅሱ ነበር፤ ካዩት ወዲህ ግን ትተዋል።