ከአምስት አገር አንደኛ የወጣው ሆስፒታል

ውድ ጓደኛዬና የአምስቱ አገር ጥናት አለቃችን፣

አትደንግጥ፤ እናትህ ደህና ናቸው። ይህን ያስቀደምኩት የቀረውን ቁጭ ብለህ እንድታነብ ነው። በሚመጣው ጉባኤ ላይ የኛ ሆስፒታል በአደጋ ዝግጁነት አንደኛ ወጣ ብለህ ልታቀርብ ነው አሉ። እባክህ አታቅርብ።

ያ ድንገተኛ ልምምድ ትዝ ይልሃል? የየአገሩ የሥነ ምግባር ኮሚቴ "ሳይነገር አይደረግም" ብሎ አስቸገረህና በአምስት ቋንቋ ማሳወቂያ ላክህ። የኛ ዳይሬክተር እንደደረሳቸው "ድንገተኛው መቼ ነው?" ብለው ቀን ቆረጡለት። ግድግዳው ቀለም ተቀባ፤ የክብር እንግዳ ተጠራ። ልብስ አጣቢዋ እግሯ ተሰብሮ ደረጃው ላይ እንድትተኛ፣ ጥበቃው ራሱን እንዲስት፣ እኔም ሰዓት እንድይዝ ተመደብን። ሁሉም ድርሻውን እንደ ውሃ ጠጣው። አንተም በቪዲዮ አይተህ እንባህ መጣ፤ ውጤቱን ተማምነህም እናትህን ለሐሞት ጠጠራቸው እዚሁ አስተኛሃቸው።

ትናንት ጠዋት የእውነቱ መጣ። የመብራት ቆጣሪው ክፍል ተቃጥሎ ጭሱ እነ እናትህ የተኙበት ክፍል ገባ። ደወሉ ሲጮህ ሁሉም እንደተማረው ቦታ ቦታውን ያዘ። ልብስ አጣቢዋ ሮጣ ደረጃው ላይ ተኛች። ጥበቃው የመውጫውን በር ሳይከፍት ራሱን ሳተ። ዳይሬክተሩ የክብር እንግዳው መድረሳቸውን እየጠየቁ የንግግራቸውን ወረቀት ይፈልጋሉ። እኔስ ብትል፣ ስልኬን አውጥቼ ሰዓት መያዝ ጀመርኩ። ሳስበው አሁንም ፊቴ ይቀላል።

እናትህ ግን ልምምዱን አላዩትም። ግሉኮሳቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ወጡና ጥበቃውን በጫማቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

"አንተ ልጅ፣ ቁልፉ የታለ?"

"እማማ፣ እኔ እኮ ራሴን ስቻለሁ።"

"መጀመሪያ ክፈት፤ ከዚያ ትስታለህ።"

ከፈተ። መራመድ የሚችለው በሽተኛ የማይችለውን እየደገፈ ወጣ። ልብስ አጣቢዋን ትርፍ አንጀታቸውን ያስወጡ ሁለት ሰዎች ተሸከሟት፤ እሷም እስከ ግቢው ድረስ "እግሬን፣ እግሬን" ትል ነበር። ደግነቱ ከሳል በቀር ማንም አልተጎዳም።

ከዚያ መጠይቃችንን ከፈትኩ። አንዷ አገር ድርቅ ብላ ያስገባችው የበረዶ ማዕበል ጥያቄ ሞልቶታል፤ በሽተኛው ሠራተኛውን ተሸክሞ ስለማውጣቱ ግን አንድም የለም።

ውጤቱን ብታነሳ ገንዘብ ሰጪዎቹ ፊታቸውን እንደሚያጠቁሩብህ አውቃለሁ። ስንት ዓመት የለፋህበት ነው፣ ያሳዝነኛል። ብትተወው ግን የቀሩት አራቱ አገሮች ከአንደኛው እንማር ብለው የኛን ልምምድ ይቀዳሉ። በአራት አገር አራት ልብስ አጣቢ ደረጃ ላይ ሊተኙ ነው።

እናትህ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ አረፍ ካሉ በኋላ ወደ ሕንፃው አይተው፣ "ልጄ አንደኛ ነው ያለኝ ይሄ ነው?" አሉኝ።

"አዎ።"

"እንግዲያው አምስተኛ የወጣው ውስጥ የተኙትን እግዜር ይርዳቸው" አሉ።

ለጉባኤው ይህችን የእናትህን ቃል አንብብላቸው። በአምስቱም ቋንቋ።

ሰዓት ስትይዝ የነበረችው ጓደኛህ