በቀኝ በኩል ስላለው ወንበር

ለተከበራችሁ የበረራ ደህንነት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርማችኋል እያልኩ፣ እናንተም፣ ማኅተማችሁም፣ የሕንፃችሁም ሊፍት ጤና እንድትሆኑ እመኛለሁ። ሊፍቱን የጨመርኩት ባለፈው ወር ማመልከቻዬን ይዤ ስድስት ፎቅ በእግሬ ስለወጣሁ ነው፤ ለጉልበቴ በማሰባችሁ አመሰግናለሁ።

እኔ አምስት መንገደኛ የምትጭን አንዲት የኪራይ አውሮፕላን መካኒክ ነኝ። አብራሪው ታናሽ ወንድሜ ነው። ሞተሯን ፈትቼ የምገጥመውም፣ ለመብረር ብቁ ናት ብዬ የምፈርመውም እኔ ነኝ፤ ፈቃዱን የሰጣችሁኝም እናንተው ናችሁ። በየገጠሩ የአፈር ማረፊያ ላይ ብትበላሽ የሚጠግናት ስለማይገኝ፣ ለሃያ አንድ ዓመት በቀኝ በኩል ባለው ወንበር አብሬው ተጉዣለሁ፤ ካርታ ይዤለታለሁ፣ ከመነሣትና ከማረፍ በፊት የሚፈተሸውን ዝርዝር አንብቤለታለሁ፣ ሲዘንብም መስታወት ጠርጌለታለሁ።

አሁን ግን በኪራይ በረራ ላይ የረዳት አብራሪ ፈቃድ የሌለው ሰው አብራሪውን «በማናቸውም መልኩ» መርዳት እንደማይችል አዛችኋል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ለሠርግ የጫንናቸው አንድ የሙሽራ አጎት «መሪውን አንዴ ልያዘው» እያሉ ሲለማመጡ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

፩ኛ፦ ወንድሜ ከእጁ የወደቀበትን እርሳስ አንሥቼ ማቀበል እችል እንደሆነ በስልክ ብጠይቅ፣ በትሕትና «በጽሑፍ ያመልክቱ» ተባልኩ። መልሱ በአሥራ አንደኛው ቀን ደረሰኝ፤ እርሳስ የበረራ ሰነድ ማዘጋጃ መሣሪያ ስለሆነ ማቀበል አይፈቀድልኝም። ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ፤ እስከዚያ ድረስ እርሳስ ይመስለኝ ነበር።

፪ኛ፦ ዋና ተቆጣጣሪያችሁ አንድ የተራራ ሥር ማረፊያ ሊመረምሩ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በእኛው አውሮፕላን ሄዱ። እኔ በመመሪያው መሠረት መጨረሻ ወንበር ላይ፣ እሳቸው ባዶ ከሆነው የፊት ወንበር ጀርባ ተቀመጥን። ልናርፍ ስንቃረብ ዶፍ ወረደ፤ የመስታወቱን ላብ የሚያደርቀው ማሞቂያም ሥራ አቆመ። ይህ ጥፋት የእኔ ነው፣ አልክድም፤ ማለዳ ሳየው ደህና ነበር። መስታወቱ ከውስጥ አላበውና ተራራው ከዓይናችን ጠፋ። ወንድሜ ሁለቱም እጆቹ ተይዘው «እትዬ፣ መስታወቱን» አለኝ። እውነቱን ለመናገር መመሪያው ትዝም አላለኝ፤ ቀበቶዬን ፈትቼ ተነሣሁ። ዋና ተቆጣጣሪው ግን እጃቸውን ዘርግተው «ይቀመጡ፣ አይፈቀድልዎትም» አሉኝና፣ ራሳቸው ወደ ፊት ተሻግረው በኮታቸው እጅጌ ይጠርጉ ጀመር። ቀጥሎም ወንድሜ ዓይኑን ከፊቱ መንቀል ስላልቻለ፣ የከፍታውን ቁጥር እየጮኹ አነበቡለት። መጀመሪያ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ኋላ ላይ ግን ከእኔ የተሻለ አነበቡ። በሰላም አረፍን። ዋና ተቆጣጣሪው የወንድሜን እጅ ይዘው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁም፤ እኔም አከበርኳቸው።

፫ኛ፦ በዘጠነኛው ቀን፣ «ማንነቱ ያልታወቀ ፈቃድ የሌለው ሰው በቀኝ ወንበር ተቀምጦ አብራሪውን ሲረዳ በመታየቱ» ወንድሜ ለሠላሳ ቀን ከበረራ ታገደ። ከግርጌ የፈረሙት ዋና ተቆጣጣሪው ናቸው። በተንኮል አልጠረጥራቸውም። ሐቀኛ ሰው ናቸው፣ ያዩትን ጽፈዋል፤ ቅጹ ላይ «ተቆጣጣሪው ራሱ» የሚል ሳጥን ስለሌለ ብቻ ራሳቸውን ሳያውቁት ቀሩ።

ወንድሜ ዛሬም ማልዶ የደንብ ልብሱን ይተኩሳል፣ ይለብሳል፣ ከዚያም የሚሄድበት የለውም። ክትባት የምናደርስላት የዚያው የተራራ ሥር ማረፊያ ክሊኒክ ነርስ በየቀኑ ትደውልልኛለች፤ ትናንት «እህቴ፣ የክትባት ማቀዝቀዣው ባዶ ሆኖ እናቶችን መልሼ ሰደድኩ» ስትለኝ፣ ስልኩን ዘግቼ ይህን ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ።

ስለዚህ ወይ ለዋና ተቆጣጣሪው ቀኑን ወደ ኋላ ቆጥራችሁ የረዳት አብራሪነት ፈቃድ እንድትሰጧቸው፣ ወይ መስታወት መጥረግን ለመካኒክ እንድትፈቅዱ፣ ከሁለቱ የቀለላችሁንም መርጣችሁ ወንድሜን ወደ ሥራው እንድትመልሱ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

ሞተር እንድትፈታ የታመነች፣ እርሳስ እንድታነሣ ግን ያልታመነች፣ ትእዛዛችሁን ምንጊዜም ቆማ የምትጠብቅ፣

የአብራሪው እኅት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ላሽግ ስል ከቢሮአችሁ ተደወለልኝ፤ ነገ ወደዚያው ማረፊያ አውሮፕላን በአስቸኳይ ትፈልጋላችሁ። አብራሪው ታግዷል ብላቸው፣ ደዋዩ ከልባቸው ተገርመው «ማን አገደው?» አሉኝ። የደብዳቤአችሁን ቁጥር ነገርኳቸው። ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሰው ደውለው እገዳው ለነገ ብቻ መነሣቱን አበሠሩኝ። ክትባቱን ከሻንጣችሁ ጎን እጭናለሁ። ከነገ ወዲያ ግን ወንድሜ ተመልሶ አደገኛ ሰው ይሆናልና፣ እባካችሁ ጉዳያችሁን ሳይመሽ ጨርሱ።