«ተሻለሽ ወይ?» ተባልኩ

እህት ዓለም፣

የኩሽናው ቧንቧ ያንጠባጥባል። ሠሪው ዛሬ ጠዋት ይመጣልና እባክሽ ሳትከፍቺለት እንዳትወጪ።

እኔ ቀድሜሽ ወጣሁ። ቤተ ሙከራ ነኝ።

አዎ፣ ቤተ ሙከራ። «ዶክትሬቱ አንዴ ከተጀመረ እንቅልፍ የለም፤ ይህን ክረምት መጽሐፍ እንዳትነኪ፣ ተኝተሽ ክረሚ» ስትዪኝ አምኜሽ ተኛሁ። አንቺ ደግሞ በየጠዋቱ «ዋና ልማር» እያልሽ ትወጪ ነበር። ፎጣሽ ግን አንድም ቀን ርሶ አያውቅም።

ትናንት ዳቦ ቤት የቤተ ሙከራው ቴክኒሻን አገኘኝና፣ «እግዜር ይማርሽ፣ ተሻለሽ ወይ?» አለኝ።

«ከምኑ?» አልኩት።

«አብራሽ የምትኖረው ልጅ ‹በጠና ታማለች› ብላ ለአማካሪያችሁ ነግራቸው የለ እንዴ! የጋራ ሥራችሁንም ብቻዋን ጀምራዋለች።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ትላለች እናቴ። ምናልባት እንዳርፍ ብለሽ ይሆናል። የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌን ካስገባሁ በኋላ ስንት ቀን እንዳለቀስኩ ከአንቺ ሌላ ያየ የለም። ግን ለማረፍ የግድ መታመም ነበረብኝ? ለእሳቸው ስትነግሪስ፣ ለእኔ ለበሽተኛዋ ምነው ሳትነግሪኝ ቀረሽ?

ትናንት ማታ በሩን በኃይል የዘጋው ንፋስ አይደለም። እኔ ነኝ። ለእሱ ይቅርታ።

ምሳ ፍሪጅ ውስጥ አለ፣ አሙቀሽ ብዪ።

አማካሪያችን ፊት ላጋልጥሽ አልሄድኩም። «ድኛለሁ» ብቻ ነው የምላቸው። ማን አስታመመሽ ካሉኝ ግን፣ አንቺን ነው የምጠራው።